የአይጥ ሳንባ ዳነ ሲባል ማንደጃ አታስገቡ

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ነው፤ ኮምቦልቻ ምህንድስና ይማራል። «እታለም፣ ማንደጃሽ መድኃኒት ሆነልሽ» ይላል። ከሥሩ አንድ ርዕስ ለጥፏል፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተቆጣ ሳንባን ከጉዳት ይከላከላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት ከሰል ሲነድ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ነው።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። የደሴን የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ በሩ ሥር ጨርቅ ተወትፏል። እናቴ አስም አለባት። ቡና ግን ያለ ማንደጃ አይሆንላትም። ርዕሱን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ፍሙን እያየች ትንሽ አሰበችና፣ «ለአይጥ መርዝ ነበር የምንገዛላት፤ አሁን ደግሞ መድኃኒት መጣላት?» አለች።

ሳቅን። እኔን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኬሚስትሪ ሳስተምር 17 ዓመቴ ነው። ርዕሱ ውሸት ቢሆን ኖሮ «ተወው እባክህ» ብዬ እተኛ ነበር። ችግሩ እውነት መሆኑ ነው። ጥናቱ አለ፤ እንስሳቱም ተጠቅመዋል። እውነት ሆኖ ሰው የሚገድል ወሬ ደግሞ ከውሸቱ ይልቅ ለመመለስ ይከብዳል።

ቅዳሜ ልጁ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መጣ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። እናንተም እንዲህ ያለ የእንስሳ ጥናት ሲላክላችሁ እንዴት እንደምታነቡት፣ ያን ቀን የሠራነውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ጋዙ እዚያ ምን ይሠራል?

ከድምዳሜው አትጀምሩ። «ለመሆኑ ሰው እንዴት መርዝን ለሳንባ መስጠት አሰበ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ካልገባችሁ የቀረው ሁሉ ድግምት ይመስላችኋል።

የዚህኛው መልስ ገላችን ላይ አለ። ጉልበታችሁ ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ ቆዳው መጀመሪያ ይጠቁራል። ቆይቶ አረንጓዴ ይላል፤ ከዚያ ቢጫ። የፈሰሰው ደም ቀይ ቀለም፣ ሄም የሚባለው፣ እየፈረሰ ነው። የሚያፈርሰው ሄም ኦክሲጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። አረንጓዴው ቢሊቨርዲን፣ ቢጫው ቢሊሩቢን ነው። ሄም ሲፈርስ ብረትና ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድም ይወጣሉ። አዎ፣ ያው የከሰሉ ጋዝ። ሰውነታችን ይህን ጋዝ ራሱ እንደሚሠራ ስዊድናዊው ቶርግኒ ሾስትራንድ በ1949 አሳይቷል።

ልጁ ይህን ሲሰማ ጉልበቱን ገልጦ አየ። ኳስ ሲጫወት የተመታው ቦታ አረንጓዴ ሆኗል።

ሳንባ ሲጎዳ ይህ ኢንዛይም ይበዛል። እንግዲህ ተመራማሪዎቹ የጠየቁት ይህን ነው፦ ኢንዛይሙ የሚከላከለው በሚያወጣው ጋዝ ይሆን? ሊዮ ኦተርበይን፣ ኦገስቲን ቾይና ባልደረቦቻቸው በ1999 ባወጡት ጥናት አይጠ መጎጦችን ከ98 በመቶ በላይ ኦክስጅን ባለበት ሳጥን አስቀመጡ። ንጹሕ ኦክስጅን ለቀናት ሲተነፈስ ሳንባን ያቆጣል፤ ውሃ ያስቋጥራል፤ በመጨረሻም ይገድላል። ከኦክስጅኑ ጋር ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተቀላቀለላቸው ግን ሳንባቸው ብዙም አልተቆጣም፤ ዕድሜያቸውም ረዘመ። በ2000 ደግሞ አይጦች ላይ ሞከሩት። ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚወሰድ መርዝ ሲወጉ፣ ጋዙን የተነፈሱት ደማቸው ውስጥ ብግነት (የአካል መቆጣት) የሚያቀጣጥለው ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባል ፕሮቲን ቀነሰ። ብግነት የሚያበርደው ኢንተርሉኪን 10 ጨመረ።

ጥሩ ሥራ ነው። እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። መርዝ ነው ብለን የጻፍነው ነገር ውስጣችን መልእክተኛ ሆኖ ሲገኝ የኬሚስትሪ አስተማሪ እንዴት አይደሰት?

ቁጥሩን ፈልጉ

ርዕስ ላይ ቁጥር አይኖርም። ውስጥ ግን አለ። እዚህ ላይ ስንፍና አያዋጣም።

የእነዚህ እንስሳት መጠን በአብዛኛው 250 ፒፒኤም አካባቢ ነው። ፒፒኤም ማለት ከሚሊዮን ስንት ነው ማለት ነው። 250 ከሚሊዮን፣ ሲቃለል ከ4000 እጅ አየር አንድ እጅ ነው። ልጁ «ታዲያ ይቺ ምን አላት?» አለኝ። ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል። ስለዚህ ሌላ ቁጥር አጠገቡ አስቀምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ውስጥ አየር ያወጣው መመሪያ፣ ለአንድ ሰዓት ከ30 ፒፒኤም ገደማ፣ ለስምንት ሰዓት ደግሞ ከ9 ገደማ እንዳይበልጥ ይላል። የአይጦቹ መጠን ለአንድ ሰዓት ከተፈቀደልን ስምንት እጥፍ ነው።

ከዚያ ወደ ገዛ ቤታችሁ አምጡት። ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። የእናቴ ክፍል በግምት 3 በ4 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል። 30 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 30 ሺህ ሊትር አየር። ከ4000 አንድ ሲሰላ 7 ሊትር ተኩል ጋዝ ይሆናል። የባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ጋዝ ለማውጣት ስንት ካርቦን መቃጠል አለበት? በደሴ የአየር ግፊት ሳሰላው 3 ግራም አይሞላም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ማንደጃ ላይ የሚፈሰውን ከሰል ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ልክ ነው፣ ከሰሉ ሁሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሆንም። ከፊሉ በደንብ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ክፍሉም ትንሽ ያስተነፍሳል። ቢሆንም ቁጥሩ የሚነግረን ነገር አለ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጋዙ ከሲሊንደር ነው የሚመጣው። መለኪያ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ በየጊዜው ያነባል። ማንደጃ ግን መለኪያ የለውም። 250 ላይ ቁም ቢሉት አይሰማም።

ልጁ ዝም አለ። እናቴ ግን፣ «ታዲያ ስንት ዓመት ስንሞቀው መች ሞትን?» አለች። የሞተ አይመሰክርም ልላት ነበር፤ ተውኩት።

አይጥ እንዴት ትተነፍሳለች?

ቀጥሎ እንስሳውን እዩ። አይጥ ወይስ አይጠ መጎጥ? ከዚያስ ወደ ትልቅ እንስሳ ሄደዋል?

አይጥ 25 ግራም አካባቢ ትመዝናለች። በደቂቃ ከመቶ ጊዜ በላይ ትተነፍሳለች። ልቧ በደቂቃ 500 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይመታል። ስለዚህ ጋዙ ቶሎ ይሞላታል፤ ቶሎም ይወጣላታል። በ1890ዎቹ ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባል ስኮትላንዳዊ ይህን አይቶ፣ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች አይጥ ወይም ትንሽ ወፍ ይዘው እንዲገቡ መከረ። ትንሿ ቀድማ ስትወድቅ ሰው ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ብዙ ሰው አይታየውም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ፒፒኤም አንድ ቢሆንም ደም ውስጥ የሚገባው አንድ አይደለም። ለአይጥ አንድ ሰዓት ብዙ ነው፤ ለሰው ገና ጅምር ነው። ስለዚህ ጥናት ስታነቡ የአየሩን ብቻ ሳይሆን የደሙን ቁጥር ፈልጉ፦ ከሄሞግሎቢኑ ስንት በመቶው በካርቦን ሞኖክሳይድ ተይዟል? ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የተያዘው ኦክስጅን አይሸከምም። አውቶቡስ ሞልቶ ማንም እንዳልወረደ አድርጋችሁ አስቡት።

ወደ ጦጣ ሲኬድ ነገሩ ጠበበ። በ2010 በታተመ ጥናት የጦጣ ሳንባ በባክቴሪያው መርዝ ተቆጥቶ፣ ከዚያ ለስድስት ሰዓት ጋዙ ተሰጠ። 250 ፒፒኤም ያመጣው ነገር የለም። 500 ሲሆን ቲኤንኤፍ አልፋ ቀነሰ፤ ሌሎቹ የብግነት ምልክቶች ግን አልነቃነቁም። ያን ጊዜ ከጦጣዎቹ ሄሞግሎቢን ከ30 በመቶ በላይ ተይዞ ነበር። 30 በመቶ ማለት ሰው ላይ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስና መፍዘዝ ነው። የሚጠቅመውና የሚጎዳው መጠን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

አይጥ ላይም ቢሆን ሁሉም አልተስማማም። በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት 500 ፒፒኤም ሰጥቶ ይህ ነው የሚባል ጥበቃ አላገኘም። የሚላክላችሁ ግን የተሳካው ነው። ያልተሳካ ጥናት በቴሌግራም አይዞርም።

መቼ ተሰጠ? ምንስ ተለካ?

ይህኛው አጭር ነው። በ2000ው ጥናት አይጦቹ ጋዙን መተንፈስ የጀመሩት መርዙ ሳይወጋቸው ነው። ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ከታመመ በኋላ ነው። ጃንጥላ ከዝናቡ በፊት ሲዘረጋና ከበሰበሱ በኋላ ሲዘረጋ አንድ አይደለም። «በፊት» ወይስ «በኋላ» የሚለውን ቃል ሳታገኙ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ሁለተኛ፣ የተለካው ምንድን ነው? የደም ምልክት ቀነሰ ወይስ እንስሳው ተረፈ? ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ሌላ ጋዝ ተመልከቱ። ሳንባቸው በብግነት ውሃ ለሞላ አዋቂዎች ሲሰጥ በደማቸው ያለውን ኦክስጅን ያሻሽላል። ቁጥሩ ደስ ይላል። የሚተርፈው ሰው ግን በዚህ አልጨመረም። ቁጥር ተሻሻለ ማለት ሰው ዳነ ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ይኸው ጋዝ አንዳንድ የሳንባ የደም ሥራቸው የጠበበ አራስ ሕፃናትን ይረዳል፤ በሐኪም ቤት፣ በመሣሪያ።

የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወሬም ከመጣላችሁ በዚሁ መንገድ እዩት። በ2010 በአይጦች ላይ 80 ፒፒኤም በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚመጣ የሳንባ ጉዳት ጠብቋል። 100 ፒፒኤም ላይ ደግሞ ለሠራተኛ ሕይወት ወዲያው አደገኛ ተብሎ ተመዝግቧል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ያ ጋዝ ነው። ቢያንስ እሱ ይሸታል።

ሰው ላይ ደረሰ?

ሁልጊዜ ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ጠይቁ። ቀድማችሁ ከጠየቃችሁት መልሱ ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም።

ደርሷል። በ2005 ጤነኛ ፈቃደኞች የባክቴሪያውን መርዝ በጥቂቱ ተወግተው ለአንድ ሰዓት 500 ፒፒኤም ተነፈሱ። የተያዘው ሄሞግሎቢናቸው 7 በመቶ ደረሰ። ብግነቱ ግን አልቀነሰም። አይጧን ታስታውሷታላችሁ? ያው አየር፣ ሌላ ደም። በ2018 ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ወጣ። በደም መመረዝ ሳቢያ ሳንባቸው ክፉኛ የተቆጣ 12 ሰዎች ነበሩበት። መጠኑ 100 ወይም 200 ፒፒኤም፣ በቀን 90 ደቂቃ፣ ቢበዛ ለአምስት ቀን። የተጠየቀው «ይጎዳል ወይ?» የሚለው ነበር፤ በዚያ መጠን አልጎዳም። ሕሙማኑ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው፣ ደማቸው እየተመረመረ ነው። በዚያው ዓመት የታተመውና ሳንባቸው ጠባሳ እየሆነ ለሚሄድ ሰዎች የተሞከረው ደግሞ ጥቅም አላሳየም።

ልጁ እዚህ ሲደርስ፣ «እና ሃያ ዓመት ሠርተው ምንም?» አለ። ምንም አይባልም። ሳንባ እንዴት ተቆጥቶ እንዴት እንደሚበርድ ከዚህ ብዙ ተምረናል። መድኃኒት ግን ገና አልሆነም።

አሁን ወደ ማንደጃው

ይህን ሁሉ የማወራው ከሰሉ እኔንም ስለመታኝ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ጥር ላይ፣ ማታ፣ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ማንደጃው እግሬ ሥር ነው። ፍሙ ነጭ አመድ ለብሷል፤ ጭስ የለውም። ደጅ ተቀጣጥሎ ነው የገባው። ሁሉም ሰው «በደንብ ከቀላ ችግር የለውም» ይላል፤ እኔም አልኩ። የሚሸተው ጭሱ ነው እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፤ አይታይም። የቀላ ፍም ደግሞ እሱን ከማውጣት አያርፍም።

መጀመሪያ ግንባሬን ጨመደደኝ። ድካም ነው ብዬ ቀጠልኩ። አንዱን ተማሪ ሁለት ጊዜ አረምኩት፤ ሁለት የተለያየ ማርክ ሰጠሁት። ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። አከራዬ ጨው ልትበደረኝ በሩን ባትከፍት ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ጎትታ ደጅ አስቀመጠችኝ። ጎረቤት ወተት አመጣ፤ ሎሚ አሸተቱኝ። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለተማሪዎቼ ያወራሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ወተትና ሎሚ ጋዙን ከደም አያስለቅቁም። የሚያስለቅቀው ኦክስጅን ነው። ንጹሕ አየር ላይ ደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ጤና ተቋም በጭንብል መቶ በመቶ ኦክስጅን ሲሰጥ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ስለዚህ ሰው በከሰል ከተመታ መጀመሪያ በሩን በርግዱና ሰውዬውን አውጡት። እናንተም ውስጥ አትቆዩ። ከዚያ መኪና ፈልጉ። ራሱን ለሳተ፣ ለእርጉዝ፣ ለሕፃን፣ ልብ ላመመው ሰው «ትንሽ ይረፍና እንይ» አይባልም። ለሐኪሙም ከሰል እንደነበር ተናገሩ። ጣት ላይ የሚሰካው ተራ የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ይሸወዳል፤ በጋዝ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የያዘ አድርጎ ይቆጥረዋል። 98 አሳየ ብላችሁ አትረጋጉ።

ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ደጅ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ጉንፋን ነው አትበሉ። ከሰሉን ጠርጥሩ።

ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል። ኦክስጅኑም እንደዚያው። ከዚያው ላይ ጋዙ ሲሻማን ቶሎ ይጎዳናል። ኮምቦልቻ ትንሽ ትሻላለች፤ ሙቀቱም ስላለ ማንደጃ ይዞ የሚተኛ ብዙ የለም። ልጁ ይህን ሲሰማ «ብዬሽ ነበር ኮምቦልቻ ይሻላል» አለ። እሱና እኔ በዚህ ጉዳይ መቼም አንስማማም።

የእናቴስ ቡና? ማንደጃው በረንዳ ላይ ወጣ። ቡናው እዚያ ተቆልቶ፣ እዚያ ፈልቶ፣ ጀበናው ብቻ ይገባል። ለብርዱ ጋቢ ደረብንላት። ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው ቀን የጎረቤታችን ሚስት ማንደጃዋን አቅፋ ወደ ክፍሏ ስትገባ አይታ፣ ከበረንዳው ሆና ተጣራች፦ «አንቺ፣ አይጥ ነሽ እንዴ?»